የሚኒ-ዜድ ቦዲ በአዲስ አበባ ታክሲ ቀለም፤ በምን ይቀባ?

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ሪሞት መኪና የሚያውቅ ሰው እዚህ አላጣም ብዬ ነው የመጣሁት።

የ13 ዓመት ልጄ ሚኒ-ዜድ አለው። ኪዮሾ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራት፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ መኪና ናት። ሞዴሏ ኤምአር-03 ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሱቅ ውስጥ በተነጠፈ የፎም ትራክ ላይ ከልጆችም ከትልልቅ ሰዎችም ጋር ይወዳደራል።

ባለፈው ክረምት አያቱ ጋ አዲስ አበባ ከርሞ ከመጣ ወዲህ አንድ ነገር ይዞ አልለቅ ብሏል። መኪናውን እንደ ታክሲ ሰማያዊና ነጭ አድርጎ መወዳደር ይፈልጋል። ጣሪያው ነጭ፣ ታቹ ሰማያዊ፣ በሩ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር። እኔም በጣም ደስ ብሎኛል። ለልደቱ ያልተቀባ ነጭ ቦዲ ገዛሁለት። ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። መስታወቶቹና መብራቶቹ ለብቻቸው ናቸው።

ከየት እንደምንጀምር ግን ግራ ገብቶናል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ባሏ ሲጠቀምበት የነበረ የታሚያ ስፕሬይ ሰጥታኛለች። ቆርቆሮው ላይ ፒኤስ-4 ይላል፣ ሰማያዊ ነው። ይሆናል? ቀለም ሲደረብበት መኪናው አይከብድም ወይ? ፊደሎቹንስ በምን እንጻፋቸው? ልጄ በብሩሽ ልጻፈው ይላል፣ እኔ ግን አልታየኝም። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱን።


ፒኒየን

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ቀለም ሰከንድ አይቀንስም። ልጁ መወዳደር ከፈለገ ቦዲውን እንዳለ ነጭ አድርጎ ይንዳው። ገንዘቡን መኪናው ላይ አውይው። መጀመሪያ ጎማዎቹ የሚሽከረከሩበትን የፕላስቲክ ቡሽ አውጥታችሁ ኩሽኔታ አስገቡ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ልዩነቱ ግን ወዲያው ይታያል። ከዚያ ጎማ። ከዚያ አራቱንም ባትሪ አንድ ዓይነትና እኩል ዕድሜ ያላቸው ቻርጅ የሚደረጉ አድርጉ። ሞተር የመጨረሻው ነው። ጎበዝ ሳይሆን ፈጣን ሞተር የገጠመ ልጅ ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ነው የሚውለው።

ማስዋቡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።


የጋራዥ ቀለም ቀቢ

ሰላም እህቴ። ከሁሉ በፊት፣ ያንን ፒኤስ-4 ይሄ ቦዲ ላይ እንዳትረጪው።

ታሚያ ሁለት ዓይነት ስፕሬይ አለው። ፒኤስ የሚለው ለፖሊካርቦኔት ነው፤ እኛ ሌክሳን ለምንለው ስስና እንደ መስታወት የሚያሳይ ቦዲ ማለት ነው። ቲኤስ የሚለው ለጠንካራው ፕላስቲክ ነው። ያንቺ ቦዲ ኤቢኤስ ነው። የፒኤስ ቀለም ውስጡ ያለው ማቅጠኛ ኃይለኛ ስለሆነ ኤቢኤስን ሊበላው ይችላል። በተቃራኒው ቲኤስን ሌክሳን ላይ ከረጫችሁት፣ ቦዲው በግጭት በተጣጠፈ ቁጥር ቀለሙ እየተሰነጣጠቀ ይረግፋል። ስለዚህ ቲኤስ-26 ነጭና ቲኤስ-10 ሰማያዊ ግዢ። ለማብረቂያው ደግሞ ቲኤስ-13። እያንዳንዱ ቆርቆሮ 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለዚህ መጠን ብዙ ነው፣ ለሚቀጥለው ቦዲም ይተርፋችኋል። ፒኤሱን አትጣይው። ልጁ ሌክሳን የጀመረ ቀን ይፈልገዋል።

እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ባቲላሜራው ቀጥቅጦ ያቃናውን እየተቀበልኩ ቀለም እቀባ ነበር። ላዳውም ሚኒባሱም በእጄ አልፏል። አሁን አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ማታ ማታ ሚኒ-ዜድ እነዳለሁ። ጥያቄሽን ሳይ ሁለቱም ሥራዬ አንድ ላይ መጣልኝ። ስለዚህ ካስረዘምኩት ታገሡኝ።

ትልቅ መኪና ላይ እንደምናደርገው ሁሉ ሥራው ያለው ከቀለሙ በፊት ነው። ቦዲው ከፋብሪካ ሲወጣ ከቅርጹ እንዲላቀቅ የተደረገበት ቅባት ሊኖረው ይችላል። በዕቃ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ ያለ ጨርቅ ይድረቅ። ከዚያ በኋላ ፊቱን በባዶ እጅ አትንኩት፤ የጣት ወዝ ቀለም አያስይዝም። ኮፋኖው ወይም ፓራፋንጎው ላይ ቀጭን የመገጣጠሚያ መስመር ካለ በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያረጠባችሁ ቀስ ብላችሁ አሹት። ቦዲው ከሻሲው ጋር የሚያያዝባቸውን ጥርሶች በፕላስተር ሸፍኗቸው። እዚያ ቀለም ከወፈረ ቦዲው በደንብ አይገባም፣ በውድድር መሐልም ይወልቃል።

ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚረጨውን፣ በጣም ስስ አድርጋችሁ እርጩ። ቆርቆሮውን ከመርጨታችሁ በፊት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቁሙት። ሙቅ ውሃ አይሆንም፣ እሳት አጠገብ ደግሞ በፍጹም። ለብ ሲል ቀለሙ ደቅቆ ይወጣል። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ ከቦዲው ውጭ ጀምራችሁ ከቦዲው ውጭ ጨርሱ። መሐል ላይ ቆማችሁ ቁልፉን ከተጫናችሁት ይንጠባጠባል። የመጀመሪያው ዙር ከታች ያለውን መሸፈን የለበትም፤ ጭጋግ ያህል ነው። ሁለተኛው ይሸፍናል፣ ሦስተኛው ያስተካክላል። ወፈር አድርጎ በአንዴ መጨረስ ትንሽ መኪና ላይ ይብሳል፣ ምክንያቱም የበሩ መስመርና የፍርግርጉ ቅርጽ በቀለም ይደፈናል። ይሄን ከልጅሽ ጋር ስትሠሩ ደጅ ሁኑ፣ የቀለም ማስክም አድርጉ። እርጥበት የበዛበት ቀን አይሁን። የሜሪላንድን በጋ ታውቂዋለሽ፤ አየሩ ውሃ ባዘለበት ቀን የተረጨ ቀለም ወተት ይመስላል።

አሁን ወደ ሰማያዊና ነጩ። ኤቢኤስ ላይ ከውጭ ስለምንቀባ ነጩ ይቀድማል። ቦዲውን በሙሉ ነጭ አድርጉትና አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ ከመስኮቱ ግርጌ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን በ6 ሚሊ ሜትር የታሚያ ፕላስተር ሸፍኑ፣ የቀረውን በወረቀት። የሃርድዌር ሱቅ ሰፊ ፕላስተር አትጠቀሙ። ጠርዙ ሻካራ ነው፣ ቀለም ያሾልካል።

እዚህ ጋ ከጋራዥ የመጣ አንድ ዘዴ አለ። ሰማያዊውን ከመርጨታችሁ በፊት በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ እንደገና ነጭ ስስ አድርጋችሁ እርጩ። ሊሾልክ የሚችለው ቀዳዳ በነጩ ይዘጋል፤ ነጭ በነጭ ላይ ሲሆን ማንም አያየውም። ከዚያ በኋላ ሰማያዊው መሹለኪያ አያገኝም። መስመሩ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ፕላስተሩን ቀለሙ ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ወደ ራሱ አጥፋችሁ፣ ዝቅ ባለ ማዕዘን ቀስ እያላችሁ ሳቡት።

ስለ ክብደት ለጠየቅሽው፦ በዚህ መንገድ የተረጨ ቀለም አይጎዳውም። የሚጎዳው ከላይ የሚጨመር ነገር ነው። ጣሪያ ላይ የሚለጠፍ ፕላስቲክ፣ የመብራት ሽቦ፣ ስቱኮ። ትንሽ መኪና ከላይ ሲከብድ ኩርባ ላይ በጎኑ ይገለበጣል። ፎም ትራክ ጎማን አጥብቆ ስለሚይዝ ይሄ ቶሎ ይታያል። ታክሲ ነው ብላችሁ ጣሪያው ላይ ታፔላ ልትተክሉለት ብታስቡ እንኳ በስቲከር አድርጉት።

ፒኒየን፣ ወንድሜ፣ ስለ ኩሽኔታና ስለ ጎማ ያልከው ትክክል ነው። ቀለም ሰከንድ አይቀንስም ባልከው ግን አልስማማም። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። መኪናው 1፡28 ነው፤ አራት ሜትር ተኩል የሆነ እውነተኛ መኪና ወደ 16 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ነጂው ደግሞ ከትራኩ ዳር ቆሞ ሩቁን ጥግ ያያል። ሌሎች መኪኖች አብረው አሉ። መኪናው ከአንተ ሲርቅ ግራው ግራህ ነው፣ ወደ አንተ ሲመጣ ግን ይገለበጣል። ፊቱና ኋላው አንድ ዓይነት ቀለም ከሆነ፣ ከግጭት በኋላ መኪናው ዞሮ ሲቆም ወዴት እንደሚያይ ለማወቅ ቅጽበት ትፈልጋለህ። በዚያ ቅጽበት ሰው ያልፍሃል። ነጭ እንዳለ የሚነዳ ቦዲ ደግሞ ነጭ ከሆነ ሌላ ቦዲ ጋር ይምታታል። ስለዚህ አቀባቡ የአነዳዱ አካል ነው።

ለልጁ የምመክረው ይሄን ነው። የታክሲውን ሰማያዊና ነጭ ይያዝ፣ የፊት ፓራውልቱን ግን ደማቅ ቢጫ ወይም የሚያበራ ብርቱካናማ ያድርገው። የሚያበሩ ቀለሞች ከሥራቸው ነጭ ካልሆነ አይደምቁም፤ ነጩ ቀድሞ ስላለ ያ ተፈቷል። ከኋላ የድሮውን የታክሲ ታርጋ ይለጥፍበት፣ ኮድ 1፣ በቀይ። ፊት ብርቱካን፣ ኋላ ቀይ፣ ከላይ ነጭ። ከትራኩ ዳር ሆኖ አይጠፋውም።


ከሳሪስ

ሰላም ለእናትም ለጋሼም። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። የምነዳው ደብሊውኤልቶይስ ኬ989 ነው፤ እሱም 1፡28 ነው፣ አራቱም ጎማ ይስባል። እኛ ጋ ታሚያ ስፕሬይ እንደ ልብ አይገኝም፣ ስለዚህ ማስዋቡን የምንሠራው በስቲከር ነው። ስለ ፊደሉ የማውቀውን ልናገር።

እናት፣ በብሩሽ አይጻፉት። እኛ ስቲከር ቤት ነው የምንሄደው፤ ለሚኒባስና ለባጃጅ ጽሑፍ የሚቆርጡት ጋ። እዚያም ባነርና ምልክት የሚሠሩ ቤቶች ማሽኑ ይኖራቸዋል። ጽሑፉን በኮምፒውተር አዘጋጅተው ቪኒል ላይ ያስቆርጡት። የአማርኛ ፊደል ግን ትንሽ ሲሆን ያስቸግራል። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ትርፉ ሲላጥ ፊደሉም አብሮ ይነሳል። ቀጭን ፊደል አይምረጡ። እንደ "ጨ" እና "ጠ" ያሉት ብዙ እግር ስላላቸው ወፈር ባለው ዓይነት ካልተጻፉ ይበጣጠሳሉ። በሩ ላይ አጭር ቃል ይበቃል። "ሳሪስ" ብቻ ብሎ የጻፈ አለ፣ ያምራል!

ሲለጥፉ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ያለበት ውሃ ቦዲው ላይ ይርጩ። ስቲከሩ ወዲያው አይይዝም፣ እየገፉ ቦታውን ያስተካክላሉ፤ ከዚያ ውሃውን በጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ያስወጡ። ፓራፋንጎ ላይ ኩርባው ካስቸገረ በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ ያሙቁት። ብዙ ካሞቁት ፕላስቲኩ ራሱ ይጣመማል።

ትራክ የላችሁም ወይ ለምትሉን፣ የሕፃናት መጫወቻ የሚገጣጠም የፎም ምንጣፍ ገዝተን ሳሎን ውስጥ እናነጥፋለን። ጎማው ከሴራሚክ ወለል ይልቅ እዚያ ላይ ደህና ይይዛል።


እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጻፉትን ለልጄ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ብርቱካናማ ፓራውልቱን ወዲያው ተቀበለ። ታፔላው ግን የግድ ይኑር ብሏል፤ "ሜክሲኮ – ሳሪስ" ብሎ ሊጽፍበት ነው። ፒኤሱን መልሼ አስቀምጫለሁ።

ሦስት ነገር ልጨምር። ቤታችን ውስጥ ማተሚያ አለ፣ ተራ የቤት ማተሚያ፤ ታርጋውንና ታፔላውን በእሱ ማተም ይቻላል ወይ? መስታወቶቹን በምን እናጣብቅ? ሦስተኛው የልጄ ጥያቄ ነው። ትራኩ ላይ ያሉት ትልልቆቹ አብዛኞቹ ሌክሳን ነው የሚነዱት። እሱም ወደፊት ታክሲውን በሌክሳን መሥራት ቢፈልግ አቀባቡ እንደዚሁ ነው ወይ ይላል።


ፒኒየን

ጋሼ፣ ፊትና ኋላውን የመለየቱን ነገር ተቀብያለሁ። የእኔም ቦዲ ሙሉ ጥቁር ነው፣ የፊቱን ጠርዝ ቢጫ አደርገዋለሁ።

እህቴ፣ ጎማ ስትገዙ ቁጥሩን እዩ። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ይለሰልሳል። ከኋላ 20፣ ከፊት 30 ብላችሁ ጀምሩ። ፊቱ ከኋላው በላይ ከያዘ መኪናው ኩርባ ላይ ይሽከረከራል። መገልበጥ ካስቸገረ ደግሞ የፊት ጎማዎቹን የውጭ ጎን በቀጭኑ ሱፐር ግሉ ይቅቡት፤ ጠርዙ ስለሚደርቅ ትራኩን አይነክስም።


የጋራዥ ቀለም ቀቢ

እህቴ፣ የልጅሽ ጥያቄ ቆንጆ ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

ሌክሳን የሚቀባው ከውስጥ ነው። ውጭው ንጹሕ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው ሲጋጭ ቀለሙ የማይጫረው። ቅደም ተከተሉም ይገለበጣል። ከውጭ የሚታየው መጀመሪያ የረጫችሁት ነው። ስለዚህ ቀድሞ መስኮቶቹን ከውስጥ ሸፍኑ፣ ጣሪያውንም ሸፍኑ፣ ሰማያዊውን እርጩ። ያ ፒኤስ-4 ያኔ ይወጣል። ከዚያ የጣሪያውን ብቻ ልጣችሁ በጠቅላላው ላይ ፒኤስ-1 ነጭ እርጩ። ጣሪያው ነጭ ይሆናል፣ ሰማያዊውም ከኋላው ነጭ ሲያገኝ ይደምቃል። አጠር አድርጌ ስለው፣ በሌክሳን ጠቆር ያለው ቀለም ይቀድማል፣ ፈዘዝ ያለው ይከተላል። ነጩ ቀድሞ ከሆነ ሰማያዊው ከኋላው ተደብቆ ይቀራል። ከውጭ በኩል ያለውን መከላከያ ፊልም ደግሞ ሁሉ ነገር እስኪደርቅ አትንኩት፤ የተበተነ ቀለም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ስለ ፊደልም ተጠንቀቁ። ከውስጥ በቀለም ልጻፍ ካለ ፊደሉ እንደ መስታወት ተገልብጦ መጻፍ አለበት። ከውጭ ቪኒል መለጠፉ ይቀላል፤ የሳሪሱ ልጅ የነገረሽን ያዢ።

ለጀማሪ ግን ኤቢኤሱ ይሻላል ባይ ነኝ። ሌክሳን ክብደቱ ይቀላል፣ ከላይ ስለማይከብድም ኩርባ ላይ ይጠቅማል። ነገር ግን የበሩ፣ የፍሬቻው፣ የፍርግርጉ ቅርጽ ኤቢኤስ ላይ ነው ጎልቶ የሚታየው። ታክሲ ታክሲ እንዲመስል የሚያደርገው ያ ነው። ወደ ሌክሳን ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ የትራኩን ሰዎች ጠይቁ፤ አንዳንድ የውድድር ምድብ የሚፈቅደው ጠንካራውን ቦዲ ብቻ ነው።

በቤት ማተሚያ ይቻላል። የዲካል ወረቀት፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ሲነከር ሥዕሉ ተላቅቆ ቦዲው ላይ የሚንሸራተት፣ ለኢንክጄት ማተሚያ ተብሎ ይሸጣል። ሁለት ዓይነት ነው፣ ግልጽና ነጭ። የቤት ማተሚያ ነጭ ቀለም ማተም አይችልም፤ ነጭ የሚመስለው ባዶ የተተወው ወረቀት ነው። ስለዚህ ለቀይዋ ታርጋ ነጩን ወረቀት ግዢ፣ ግልጹ ላይ ከታተመ ሰማያዊው ከሥሩ እያሳየ ቀዩን ያጠቁረዋል። ለጣሪያው ጽሑፍ ግን ግልጹ ይበቃል፣ ጣሪያው ራሱ ነጭ ነው። ካተማችሁ በኋላ ቀለሙ ይድረቅ፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግልጽ ስፕሬይ ይረጭበት። ያለዚያ ቀለሙ ውሃው ውስጥ ይፈስሳል። ቦዲው ላይ ካረፈና ካደረ በኋላ ቲኤስ-13ን በጣም ስስ እያደረጋችሁ በብዙ ዙር እርጩ። የመጀመሪያው ዙር ከወፈረ ዲካሉን ያሸበሽበዋል።

መስታወቱን ሁሉ ቀለም፣ ማብረቂያውም ጭምር፣ ካለቀ በኋላ ነው የምትገጥሙት። ሱፐር ግሉ አይሆንም፤ ጭሱ መስታወቱን ያነጣዋል። ሲደርቅ ግልጽ የሚሆን ነጭ የእንጨት ሙጫ በጥርስ እንጨት ጫፍ፣ ከውስጥ በኩል፣ ማዕዘኖቹ ላይ ብቻ።

ታፔላው ይኑረው ካለ ይኑረው። ጣሪያው ላይ ከመስታወቱ በላይ ጠባብ ቢጫ ሳጥን በስቲከር ሥሩ፣ ውስጡ በጥቁር "ሜክሲኮ – ሳሪስ" ይጻፍ። ነጂው የሚያየው ከላይ ስለሆነ ጽሑፉ ጣሪያው ላይ ተኝቶ እንጂ ቆሞ መሆን የለበትም። በዚያ ላይ የውድድር ቁጥሩን የሚያስለጥፉ ትራኮች አሉ፤ የጣሪያውን የኋላ ግማሽ ለእሱ ባዶ ተዉለት። ነጩን ጣሪያ ከረጫችሁ በኋላ ፎቶ ላኩልኝ፣ ሰማያዊው ከመግባቱ በፊት የፕላስተሩን መስመር አይቼ እነግራችኋለሁ።